በጋን ማጠቢያ የታጠቡ ጎማዎች

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሞላ ከወገዳ ደወለልኝና «እትዬ እናኑ አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው። ቅዳሜ ብደውል ብደውል ስልክህ እንቢ አለኝ» አለኝ። ነፍስ ይማር አልኩና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን የሚያስቅ ነገር ሰማህ?» ብትለኝ «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳት። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት እንዲህ በቀላሉ አልረሳውም። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ስል ስለ እትዬ እናኑ ሳወራላት አረፈድኩ፤ አውርቼ ግን አልወጣልኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዛሬ የምኖረው መካነ ኢየሱስ ነው። ያን ጊዜ ግን ከኮሌጅ እንደወጣሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስማዳ ተመድቤ፣ ወገዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። አዲስ አልነበረም፤ እኔ ግን የተረከብኩት ዕለት ለእናቴ ደውዬ አውሮፕላን የሰጡኝ ያህል አወራሁላት። እሷም «ቀስ ብለህ ንዳ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የስማዳን መንገድ የምታውቅ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ብላ አትደክምም ነበር፤ በክረምት ከቀስታ ሌላ አማራጭ የለም። ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፤ ተጠቅልሎ በጎማውና ከላይ ጭቃ እንዲከላከል በተደፋው ፓራፋንጎ መካከል ይታጨቃል፤ ከዚያ ጎማው መዞሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይሳደባል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ የነሐሴ ቀን ከገጠር ስመለስ ከተማው መግቢያ፣ ወንዟ ዳር ስደርስ እንዲሁ ቀጥ አለብኝ። ወርጄ ዱላ ፈለግሁና ጭቃውን እወጋ ጀመር። ከመንገዱ ከፍ ብላ ደጃፏ ላይ ጣሳ የተሰቀለባት አንዲት ጠላ ቤት ነበረች። ከእሷ ውስጥ ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሸረጡ ሴትዮ ወጡና እጃቸውን አጣምረው ይመለከቱኝ ጀመር። ብዙ ተመለከቱኝ። የሚያዝኑልኝ ስለመሰለኝ ፊቴን ይበልጥ ጨፍገግ አደረግሁላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጭቃ እያወጣሁ ነዋ፣ እትዬ።»

«ይኸ ማውጣት አይደለም፤ መጎርጎር ነው። ጋን በዱላ ሲጎረጎር አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው ወዲያ በል» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የበሬ ቀንድ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ግራዋ ይዘዋል። ግራዋ ጠላ ጠማቂዎች ጋን የሚያሹበት መራራና ሸካራ ቅጠል ነው። ደግሞ ተመልሰው የቤታቸውን ሙቀጫ እያንከባለሉ አመጡና ደፉት፤ ሁለታችን ተጋግዘን ሞተሩን አነሣንና ሆዱን ሙቀጫው ላይ አሳረፍነው። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሣ። እትዬ እናኑ ኩርሲያቸው ላይ ተቀምጠው ጎማውን እንደ ሰው አገላብጠው አዩትና «አዙር» አሉኝ።

በቀንዱ ፈለፈሉት፣ በግራዋ አሹት፣ በቅል ውሃ አፈሰሱበት፤ ደግሞ አሹት። እኔ ቢሮ ስብሰባ ነበረብኝ፤ እግሬን እያወዛወዝኩ «እትዬ፣ በቃ እኮ ጸድቷል» ብላቸው ቀና ብለውም አላዩኝ። ከዚያ ተንበርክከው አፍንጫቸውን ወደ ጎማው አስጠጉና አሸተቱት። «ገና ነው፤ ይሸታል» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ለካ የጋን መጽዳት የሚታወቀው በአፍንጫ ኖሯል። ለእሳቸው ጎማም ያው ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ እያሹ።

«የከብት ሐኪም ነኝ» አልኳቸው፤ ትንሽ ኮራ ብዬ።

እጃቸውን አቆሙ። «እና ከታመመ ከብት በረት ወጥተህ በዚህ ጎማ ጤነኛው በረት ልትገባ ነበር?»

ይህንኑ ነገር ኮሌጅ ውስጥ አንድ መምህር በፈረንጅ አፍ ሲያስተምረን በደብተሬ ጽፌው ነበር፤ በደብተሬ ቀረ እንጂ። አፍሬ ጎማውን ማዞር ቀጠልኩ።

ከታጠበ በኋላ ገል ላይ የወይራ ፍልጥ ለኩሰው ጎማው ሥር አስቀመጡና ጢሱ እስኪያልቅ አስቆሙኝ። ጋን ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ታጠበ አይባልም፤ እኔም እንግዳ ነኝ፣ የእጥበቱ ደንብ መስሎኝ ታዘዝኩ። እየበረርኩ ስብሰባው ውስጥ ገባሁ። ሞተሩን ያቆምኩት መስኮቱ ሥር ነው፤ እኔም ራሴ ጢሱ ውስጥ ቆሜ ነው የመጣሁት። አለቃችን ንግግሩን አቋረጠና አየሩን ማገ ማገ አድርጎ «ማነው በሥራ ሰዓት ጠላ ቤት የዋለው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሞተሩ ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ለአንድ ወር ያህል ባልደረቦቼ ሲያገኙኝ ሰላም የሚሉት እኔን ሳይሆን ሞተሩን ነበር፤ ዛሬ ስንት ጣሳ ጠጣ፣ ትናንት ማን ደግፎ ቤቱ አስገባው ይሉኛል። ይህን ሄጄ ለእትዬ እናኑ ብነግራቸው አልሳቁም። ከልባቸው ግራ ገብቷቸው «ታዲያ ሳይታጠን ታጥቧል ልንል ነው?» አሉኝ። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ በሥራ ቀን ጎማዬ አይታጠንም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ይታጠናል። ቅዳሜና እሑድ የመንግሥት ሰው አይደለህም አሉኝ።

የሳቁብኝ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ እዚያችው ደጅ መጡ። መጀመሪያ የግብርናው፣ ቀጥሎ የጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ከገጠር ሰው እየጫኑ የሚመላለሱት ባለሞተሮች። እትዬ እናኑ የሚያጥቡት ጎማ ብቻ ነው። ሌላውን አካል «እሱን አንተው በጨርቅ ጥረገው፤ እሱ ሙያ አይጠይቅም» ይላሉ። ጎማውን የሚያዞረው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ይህ የማይሻር ደንባቸው ነበር። «አዙር» ሲሉ ታዞራለህ፤ «ቁም» ሲሉ ትቆማለህ። ስልኩን አውጥቶ የሚነካካ ሰው ካዩ ቀንዳቸውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ስልኩን ኪሱ እስኪመልስ ድረስ ወንዙን ይመለከታሉ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም፣ ሞተር የገዙት መሪጌታም በተራቸው ቁጢጥ ብለው ሲያዞሩ አይቻለሁ። መሪጌታ ጎማውን እያዞሩ በጉሮሯቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ እትዬ እናኑ ደግሞ ዜማው ሲፈጥን «ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ጎማው እየፈጠነ ነው» ይሏቸዋል።

ከዓመት በኋላ መስከረም ላይ ጣሳዋን ከደጃፋቸው አወረዷት። ጠላ መሸጥ ተዉ ተባለ። የጠላቸውን ጣዕም የሚያውቅ ሁሉ አዘነ፤ ወገዳ ውስጥ ሐዘንተኛው ብዙ ነበር። ለምን ተዉ ብዬ ብጠይቃቸው ቀንዳቸውን ድንጋይ ላይ እየሳሉ ነገሩኝ።

«ሠላሳ ዓመት ጠላ ሸጥኩ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠጣ እናኑዬ ነው የሚለኝ። ጠጥቶ ሲወጣ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? ኮማሪት። ልጄን ስድር እንኳ የሙሽራው ወገኖች የኮማሪቷ ልጅ ነበር ያሏት፤ እየሰማሁ። አምና ርእሰ መምህሩ ሞተሩን ይዞ ሲመጣ ከደጅ ሁኖ ምን ብሎ ተጣራ መሰለህ? ‹ባለሙያዋ አሉ?› አለ። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው የሚፈልግ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ደግሞ ተጣራ። ወጥቼ አየሁ፤ ከኔ በቀር ሰው የለም። አሁን ተመለሽ ብትለኝ ወደ ኋላ አልመለስም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ ነበር። ወዲያው ግን የቀንዱን ስለት በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ምን ትገተራለህ፣ ሙቀጫውን አምጣው እንጂ» አሉኝ።

ዕቃቸው ሁሉ ከጠላው ቤት የወረሱት ነው። ቀንዱ ጭቃ ይፈለፈልበታል፤ ብረት ጎማው የተገጠመበትን የቸርኬ ቀለም ይፍቃል፣ ቀንድ ግን አይፍቅም። የፈረስ ጭራ በእንጨት ጫፍ ላይ አስረው በቸርኬው ሽቦዎች መካከል ያስገቡታል። የቃጫ ገመድ ነበራቸው፤ ሽቦውን አንድ ዙር ጠምጥመው ሁለቱን ጫፍ ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ዝገቱን ይዞት ይወጣል። ለቅባት እንዶድ ይወቅጣሉ፤ የወቀጡበትን ሙቀጫ ይደፉትና ሞተሩን ያስቀምጡበታል። ውሃ የሚያፈሱበት ቅል ሥሩ በወስፌ የተበሳ ነው። በጣም ትንሽ ነው የሚያወርደው። ይህ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የጎማውን እምብርት አሳዩኝ፤ ውስጡ ኩሽኔታ የሚሉት ማዞሪያ ብረት አለ፣ ኩሽኔታው በግራሶ ቅባት ነው የሚኖረው፣ ውሃ በኃይል ከገባበት ግራሶውን ይዞት ይወጣል አሉኝ። ማን ነገራቸው? ማንም። አንድ የተጣለ ጎማ ፈትተው አይተዋል። በመጨረሻ የፓራፋንጎውን ሆድ በጎመን ዘር ይወለውሉታል፤ ምጣድ የሚታሰሰው እንጀራው እንዳይጣበቅ አይደል፣ ይኸም ጭቃው እንዳይጣበቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ጭቃው አይጣበቅም ነበር።

ሞላ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ከመስቀል በኋላ ነው። ከደብረ ታቦር ጄኔሬተርና ውሃ የሚረጭ ማሽን ጭኖ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣና ከእትዬ እናኑ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ሲጮህ ከተማው ይሰማዋል። እሳቸው አንድ ጎማ አሽትተው ሳይጨርሱ ሞላ ሦስት ሞተር ከነመቀመጫው አብለጭልጮ ይሸኛል። ማዞር የለ፣ ቁጢጥ ማለት የለ፤ ስልክህን እየነካካህ ቆመህ ትጠብቃለህ። በሁለት ወር ውስጥ የእትዬ እናኑ ደጅ ጭር አለ።

እኔም ሄድኩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ። «ዛሬ ስለቸኮልኩ ነው» እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ቸኮልኩ፤ እንዲያ እያልኩ ወር ሙሉ ቸኮልኩ። አንድ ቀን ሞተሬ ከወንዙ ማዶ አረፋ ለብሶ ሲረጭ እትዬ እናኑ ኩርሲያቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው «እንዴት ዋልህ? ያች በቅሎህ ደህና ናት?» ብለው ስለ ሞተሬ ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ወጣ። ወንዙ ዳር ያለው ቦታ ለተሽከርካሪ እጥበት ሕጋዊ ሊሆን ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው የማጠቢያ መሣሪያ ላለው ነው፤ መሣሪያ የሌለው ይነሣል። ኮሚቴ መጥቶ ያያል ይላል። ወሬው ከወጣ ጀምሮ ሰው ሁሉ ለእትዬ እናኑ ምክር ይሰጣቸው ጀመር፤ ምክሩ አንድ ዓይነት ነበር፤ ጣሳሽን መልሰሽ ስቀይ። በዚያ ሳምንት ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከዚያ በፊት ቢሮ መጥተው አያውቁም፤ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ፊደል ቆጥረሃል። ዕቃዬን በወረቀት አስፍርልኝ» አሉኝ። «መንግሥት ዕቃ አላት ወይ እያለ ነው። የለኝም እንዴ?»

«ኧረ ሞልቶዎት» አልኳቸው። ወረቀት አውጥቼ ጀመርኩ። የቢሮ ሰው የሚወደው ቋንቋ ምን እንደሆነ አውቃለሁና አሳመርኩት። ቀንዱን «ከአካባቢ ግብዓት የተዘጋጀ የጭቃ ማስለቀቂያ» አልኩት። ሙቀጫው «ባለአንድ እግር የሞተር ማንሻ» ሆነ። ቅሉ «ፍሰቱ የተመጠነ የውሃ ማከፋፈያ» ተባለ። ወይራው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤ አለቃችንን አስታወስኩና ዘለልኩት። አንብቤላቸው ስጨርስ እትዬ እናኑ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«የማን ዕቃ ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነዋ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ የለኝም» አሉ፤ ግን ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በጥር አጋማሽ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ ገዳሙ በራሱ ሞተር ነው የመጣው፤ ሌሎቹ ሁለቱ፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ መሐንዲስ፣ በእግራቸው። ሞላ ማሽኑን ወልውሎ አቁሞታል። ተመለከቱት፣ አስነሡት፣ ጻፉ፣ አለቀ። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው ወደ እኛ መጡ። እትዬ እናኑ ቁርበት አንጥፈው ዕቃቸውን በሙሉ በሥርዓት ደርድረውታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ፈተና የምቀመጠው እኔ ይመስል አፌ ደርቋል።

አቶ ገዳሙ ትሑት ሰው ነው። ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበው። «ባለአንድ እግር» የሚለው ጋ ሲደርስ ሙቀጫውን ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ። ጨርሶ ዕቃውን አንድ በአንድ አስተዋለው።

«እናቴ፣ ሥራዎን አከብራለሁ» አለ። «ግን ይኸ የጓዳ ዕቃ ነው። ማስታወቂያው የሚለው መሣሪያ ነው። ደግሞ እርስዎ የታወቀ ሙያ አለዎት፤ ጠላዎን አገር ያውቀዋል። ለምን ወደሱ አይመለሱም?»

እትዬ እናኑ አንገታቸውን ደፉ። አለቀልን አልኩ በልቤ።

ቀና ሲሉ ግን የሚያዩት አቶ ገዳሙን ሳይሆን ከኋላው የቆመውን ሞተር ነበር።

«ጌታው፣ ሞተርዎ ማን ጋ ነው የሚታጠበው?»

«ሞላ ጋ ነዋ። ትናንት ነው የታጠበው፤ በየሁለት ቀኑ ነው። አያዩትም እንዴ?»

«አየሁት። ያምራል።»

በእውነትም ያብለጨልጭ ነበር። እትዬ እናኑ ወደ ሞተሩ ሄዱና ከኋላ ጎማው አጠገብ ተንበረከኩ። አፍንጫቸውን አስጠጉ። ብዙ አሸተቱ። ከዚያ አንገታቸውን ጠምዝዘው ወደ ፓራፋንጎው ሆድ አንጋጠው አዩ። ሲነሡ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል የለም፤ እንዲያውም ነገሩ ያሳሰባቸው ይመስላሉ።

«ጌታው፣ ብቅልዎ ደርሷል» አሉ።

«ምኔ?»

«ብቅልዎ። የገብስ ነው። አራት ቀን ሳይሆነው አይቀርም፤ ዛሬ ካልተሰጣ ይበላሽብዎታል።»

አቶ ገዳሙ ጎንበስ አለ። መሐንዲሱ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። በፓራፋንጎው ሆድ ውስጥ አንድ መዳፍ የሚሞላ እበትና ጭቃ ታጭቋል፤ ከውስጡ ነጫጭ ሥሮችና ቢጫ አረንጓዴ ቡቃያ ወደ ታች ተንዠርግገዋል። ከላይ የሚያብለጨልጭ ሞተር ከሥሩ ገብስ አብቅሏል።

«አውድማ ውለው ነበር?» አሉት እትዬ እናኑ።

«ባለፈው ሳምንት፣ የወንድሜን ገብስ ስናበራይ...» አለና አቶ ገዳሙ ቃሉን ሳይጨርስ ጸሐፊዋ ሳቀች። ሳቋን በመዝገቡ ልትሸፍነው ሞክራ አልቻለችም። መሐንዲሱ ተከተላት። ከዚያ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

«ሞላን አልወቅሰውም» አሉ እትዬ እናኑ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። «እሱ በየሁለት ቀኑ ውሃ እያጠጣ አሳድጎልዎታል። እኔ እንዲህ ያለ ብቅል ሳወጣ በቅጠል ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ጭኜ ስንት ቀን ነበር የምጠብቀው።» ቀንዳቸውን ከቁርበቱ አነሡና ፓራፋንጎው ውስጥ አስገብተው አንድ ጊዜ ብቻ ፈንቀል አደረጉት። ብቅሉ ከነእበቱ አንድ ቁራሽ ሆኖ ወጣ። የሚያስቀምጡበት ሲያጡ አቶ ገዳሙ እጅ ላይ በተዘረጋው ዝርዝሬ ላይ አኖሩት።

ሞላ ከማዶ ጫጫታውን ሰምቶ መጥቶ ነበር። ቁራሹን አየው፤ ፊቱ ፍም መሰለ። ሊከራከር ነው ብዬ ጠበቅሁት። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ «እትዬ፣ እስቲ ያን ቀንድ ያሳዩኝ» አለ። በዚያች ቃል ነው ሞላን የወደድኩት።

አቶ ገዳሙ እጁ ላይ ያለውን ገብስ ተሸክሞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ለጸሐፊዋ «ቦታው ለሁለቱም ይሁን ብለሽ ጻፊ። አካሉን ማሽኑ፣ ጎማውን እሳቸው» አላት። ጸሐፊዋ ሙያ የሚለው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀች። አቶ ገዳሙ እትዬ እናኑን አየ፤ ትንሽ ቀደም ብሎ የተናገረው ነገር እንደጸጸተው ያስታውቅ ነበር። «የጎማ እጥበት ባለሙያ» አለ።

ፈቃዱ ታትሞ ማኅተም አርፎበት በሳምንቱ መጣ። የገበያ ቀን ነበር። እትዬ እናኑ ፊደል ስላልቆጠሩ አነበብኩላቸው። ደግመህ አንብብ አሉኝ፤ ደገምኩ። ከዚያ «ባለሙያ የምትለዋ የቷ ናት?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። እጃቸው እርጥብ ስለነበር ሳይነኳት ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ወረቀቱን ለእኔ መልሰው ሰጡኝና ሞላን ከማዶ ጠሩት። ሁለታችንን ወደ ጓዳቸው ይዘውን ገቡ። ጥግ ላይ አፉ በንጹሕ ጨርቅ የታሰረ አንድ ትልቅ ጋን ቆሟል። ጠላውን ሲተዉ ጋኖቹን ሁሉ እንደሸጡ ነበር እኔ የማውቀው። ጨርቁን ሲፈቱት የወይራ ጢስ ሽታ ጓዳውን ሞላው፤ ጋኑ ያን ሳምንት የታጠነ ነው።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«አስቀምጨው ነዋ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ቀን መጥተው ከቦታው ውጭ ቢሉኝ ወደ ጠላው እንድመለስ ብዬ። በየወሩ አጥበዋለሁ፣ አጥነዋለሁ፣ አስረዋለሁ። ሰው ባለሙያ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ማታ ገብቼ ደግሞ ይኸን አየዋለሁ። ይኸን ያህል ጊዜ ስፈራ ነው የኖርኩት። በሉ አውጡልኝ።»

ሞላና እኔ ተሸክመን አወጣነው። ሙቀጫው አጠገብ ቆፈር አድርገን አስቀመጥነው፤ ሞላ በማሽኑ ከወንዙ ውሃ ስቦ እስከ አፉ ሞላው። እትዬ እናኑ የተበሳውን ቅላቸውን ነከሩበትና ወረፋ ወደሚጠብቁት ሁለት ሞተሮች ዞሩ።

«አዙር» አሉ የመጀመሪያውን።

የገበያው ሰው በመንገዱ ያልፋል። ከገጠር የመጣ አንድ የድሮ የጠላ ደንበኛቸው ደጅ የቆመውን ጋን ከሩቅ ሲያይ ጠላው የተመለሰ መስሎት አህያውን እየጎተተ ገሠገሠና ከሁለተኛው ሞተር ኋላ ተሰለፈ። ጥማቱ አላስቆመው ሲል ከወገቡ ጣሳውን ፈትቶ ራሱ ቀዳ። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ጣሳውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«እናኑ፣ ይኸ እኮ ውሃ ነው።»

«የጎማ ማጠቢያ ነው። ጎማ አለህ?»

«እኔ? አህያ ነው ያለኝ።»

እትዬ እናኑ ከጎማው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «እንግዲያው ከወረፋው ውጣልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አሉት።